ለእንጦጦ ዳገት ዙር ይሠራለት

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በእንጦጦ ዙሪያ ያሉ የሳይክል መንገዶችን በዙር ስለማገናኘት

ጤና ይስጥልኝ።

ምስጋና ይቅደም። በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና ለአንድ እሑድ ከአስፋልት ሲወጣ ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። በኋላ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ። ከእግረኛው ጎን ለሳይክል የተለየ መስመር አየን። በመስመሩ ላይ ሞተር የሚያቆመውም፣ ቆሎ የሚሸጠውም፣ ሰልፊ የሚነሳውም አለ። ይሁን፣ መስመሩ መኖሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ የምኖረው ግን ከተማው ሊያልቅ ሲል ነው። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ «እንግዲህ ጀመርኩ» የሚልበት ቦታ። ከእኛ ሰፈር ለሳይክል የሚመቸው ቅርቡ ቦታ እንጦጦ ነው። ጫካው አለ፣ አየሩ አለ። በ2013 መግቢያ የተመረቀው ፓርክም አለ። የሚጎድለው ማገናኛው ነው።

ዛሬ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ምን ያደርጋል? በአስፋልቱ ይወጣል፣ በዚያው አስፋልት ይወርዳል። አለቀ። ልመናዬም ከዚህ ይነሳል፦ በአንዱ በኩል ወጥተን በሌላው የምንወርድበት፣ ምልክት ያለው፣ ቤታችን የሚመልሰን ዙር ይሠራልን።

ለምን ዙር? ሲወጡ ትንፋሽ ያልቃል እንጂ አደጋው ያን ያህል አይደለም። መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። የእንጦጦ ሸንተረር ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው 70 በመቶ ገደማ ነው። ሯጮቻችን በጠዋት እዚያ የሚወጡት ለዚህ ነው። ሳይክል የሚነዳው ሰው ግን የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ላይ ሆኖ ከእግረኛ እኩል ይሄዳል። ልጆቹም «ውረድና ግፋው!» ይሉታል። ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ ዳገቱን ለማታለል የአይሱዙን ጅራት ይዘው ይወጣሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ጉዱ ያለው ሲወርዱ ነው። የእኛ ሰፈር ሳይክሎች አብዛኞቹ ባለ ላስቲክ ፍሬን ናቸው። ላስቲኩ የሚይዘው ቸርኬውን ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬው ይግላል፣ ላስቲኩ ይሸታል። ዝናብ ከነካው ደግሞ ፍሬኑ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት። እስኪጠርግ ድረስ ሳይክሉ መንገዱን ይቀጥላል። ከኋላ ሚኒባስ ክላክሱን ይዞታል፣ ከፊት ኩርባ አለ። ጠርዙን ልያዝ ካሉ የባሕር ዛፍ ፍሬ ተበትኗል፤ ከጎማ ሥር እንደ ብይ ይሽከረከራል። አንድ ጓደኛችን ባለፈው ክረምት እንዲህ ሲወርድ የፊት ጎማው የውሃ መውረጃ ክዳን ውስጥ ገባ። የክዳኑ ፍርግርግ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ነበር የተገጠመው። ክንዱ ተሰበረ። ያ ክዳን ዘወር ተደርጎ አግድም ቢገጠም ኖሮ ጎማው አይገባም ነበር።

አንድ ቁልቁል ብቻ ካለ ሁሉም ሰው፣ ጀማሪውም ጎበዙም፣ በዚያ ይወርዳል። ዙር ካለ ግን ምርጫ አለ።

እንዴት ቢሆን ይሻላል? የሰፈራችን ልጆች ወረቀት ላይ እየጫሩ ሲከራከሩበት የቆየ ነገር አለ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት። ከዚያ ሸንተረሩን ይዞ ወደ ምሥራቅ መሄድ። ከዚያ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል መውረድ። ከታች የቀበና ወንዝ ይቀበለናል። በ2011 ይፋ የሆነው የሸገርን ማስዋብ ፕሮጀክት ራሱ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ነው። ወንዝ ደግሞ ቁልቁለቱን እኛ ከምናገኘው በተሻለ ያውቀዋል። የወንዝ ዳር መንገዱና የጫካው መንገድ አንድ ቦታ ላይ እጅ ለእጅ ቢያያዙ የዙሩ ግማሽ ተሠራ ማለት ነው።

ለጉልበተኞቹ በምዕራብ በኩል ሰፊ ዙር አለ። በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አካባቢ አድርጎ፣ የጎጃምን መንገድ ተሻግሮ፣ ወደ ሱሉልታ። እዚህ ላይ ችግሩ የዳገት ሳይሆን የወሰን ነው። ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነው። ሳይክል የሚነዳ ሰው መታወቂያውን የሚያየው ስለሌለ የት ጋ ከአንዱ ከተማ ወጥቶ ሌላው እንደገባ አያውቅም። ምልክት የሚተክለው መሥሪያ ቤት ግን ያውቃል፣ በዚያም ምክንያት ምልክቱ ሳይተከል ይቀራል። ስለዚህ ከሸገር ከተማ አስተዳደር ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡልን።

ለቤተሰብና ለሕፃናት ከላይ ሜዳ ሜዳውን የሚዞር አጭር ዙር ይበቃል። ስለሱ ብዙ አልልም።

አሁን ስለ አቆራረጡ ትንሽ ልበል፤ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነውና። የጫካ መንገድ ሲቆረጥ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከሄደ በአንድ ክረምት ቦይ ይሆናል። ውሃው መንገዱን የራሱ ያደርገዋል። በሌላው ዓለም የጫካ የሳይክል መንገድ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚከተሉት ቀላል ሕግ አለ። መንገዱ የሚኖረው ቁልቁለት ተራራው ራሱ ካለው ቁልቁለት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። በአማካይም ከ10 በመቶ ባይዘል ይመከራል፣ ማለትም በ100 ሜትር ጉዞ 10 ሜትር መውጣት። የመንገዱ ወለል ደግሞ ወደ ገደሉ በኩል ጥቂት ዘንበል ይላል፣ ውሃው ሳይሰበሰብ አቋርጦ እንዲያልፍ። ይህ ሁሉ ሲሚንቶ አይጠይቅም። ዶማና አካፋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያይ ሰው ይጠይቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ሲበረታ መንገዱን ለጥቂት ቀናት መዝጋትም ያስፈልጋል። አንዱ ቀን የሚተወው የጎማ ቦይ እስከ ጥቅምት አይደፈንም።

አደራ የምለው ሌላ ነገር አለ። ጫካው ባዶ አይደለም። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ ከጀርባቸው በግራም በቀኝም ስለሚወጣ ቀጭኑን መንገድ ሙሉ ይይዘዋል። ዞረው ማየት አይችሉም። ሳይክል ደግሞ ድምፅ የለውም። ስለዚህ እነሱ የሚሄዱበትን መንገድ ለሳይክል ቁልቁል ማድረግ አይገባም፤ ከተገናኙም ቅድሚያው የነሱ መሆኑ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ወር በገባ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም ነው። በነዚህ ቀናት መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ይሞላል፣ ጸበልተኛም አለ። በዚያን ጠዋት እኛ ሌላውን ዙር እንይዛለን። ዙር ሲኖር ይህም ይቻላል።

«አዲስ አበባ ዳገት ናት፣ ለሳይክል አትሆንም» የሚለውን ወሬ መቼም እናንተም ሰልችቷችኋል። ሁለት ነገር ብቻ ልመልስ። ቀጥ ያለ ዳገት የሚከብደው ዘወር ብሎ የሚወጣ መንገድ ሲጠፋ ነው። ደግሞም አገራችን በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ባለ ባትሪ ሳይክል ደግሞ ዳገትን ከምንም አይቆጥረውም። እስከዚያው ግን እግራችን ይሠራል።

ከተማው ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ስትራቴጂ አለው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ነው። እንግዲህ ብዙ አልቀረውም። የወንዝ ዳርቻው ሥራ ተጠናቆ ድንጋዩ ከተነጠፈ በኋላ «ለሳይክል መገናኛ ረሳን» ቢባል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አሁን፣ አካፋው መሬት ላይ እያለ፣ መገናኛው ፕላን ላይ ይግባልን።

የምሥራቁ ዙር ይቅደም። በየመገንጠያው ርዝመቱን፣ ዳገቱ በመቶ ስንት እንደሆነና አደጋ ሲደርስ የሚደወልበትን ቁጥር የያዘ ሰሌዳ ይተከል። የውሃ መውረጃ ክዳኖቹ ይዙሩ። ከዚህ በፊት ግን አንድ እሑድ ጠዋት መሐንዲሶቻችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉና አብረን እንውጣ። ሳይክል ከሌላችሁ ከሰፈር እናሰባስባለን። ማርሹ የሚሠራው ለእናንተ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሽሮ ሜዳ ሳይክል ነጂ

ግልባጭ፦
ለሸገር ከተማ አስተዳደር