ጀልባዋን ተከትለህ አትግባ

የኔ ጌታ፣

እንዴት ነህ? አክስትህ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉን ነገረችኝ። አንተ የጻፍክልኝ «በሪሞት የምነዳት መጫወቻ ጀልባዬ ከድንጋይ ተጋጭታ ተሰነጠቀች፣ በምን ልጠግናት?» ብለህ ብቻ ነው። እስከ ደረትህ ውሃ ውስጥ መግባትህን ዘለልከው። እሷ ደግሞ አትዘልም፤ ታውቃታለህ።

ጥገናውን እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ስማኝ፦ ጀልባዋን ተከትለህ ውሃ ውስጥ አትግባ። ብትቆምም፣ ብትገለበጥም፣ ብትሰምጥም አትግባ።

አሁን ባትሪውን አውጣ። ካበጠ ወይም ውሃ ከገባበት ቻርጅ እንዳታደርገው። ሊቲየም ባትሪ ቀልድ አያውቅም፣ እሳት ያነሳል። ከዚያ ክዳኗን ከፍተህ ውስጧ ጥርት ብሎ እስኪደርቅ ተዋት።

ፕላስቲኩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሙጫ አትክፈት። ከሥሯ ወይም ከክዳኑ ውስጥ የተቀረጸ ምልክት ፈልግ። ኤቢኤስ (ABS) የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ ተገላገልክ፤ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ሙጫ፣ ይይዘዋል። ሲነኩት ሰም ሰም የሚል፣ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይም 5 ቁጥር ያለበት ከሆነ ግን ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። እሱ ላይ ተራ ሙጫ ይደርቅና ተላጦ ይወድቃል፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ሙጫ ነው የሚፈለገው። የአክስትህን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ እንዳትነካ! አሴቶን ካለበት ኤቢኤሱን ያሟሟዋል።

ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ በ2 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጣ። የተሰነጠቀን ነገር ደግሞ መብሳት ያስቅህ ይሆናል። ስንጥቅ የሚሮጠው ሹል ጫፉ ላይ ኃይል ስለሚጠራቀም ነው። ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ኃይሉ ይበተናል፣ ስንጥቁም ይቆማል። ጫፉ በዓይን ከሚታየው ትንሽ ሊያልፍ ይችላል። ጎኑን ቀስ ብለህ ጫን ስታደርገው መስመሩ ነጣ ብሎ ይታይሃል፤ እሱ ካበቃበት ላይ ብሳ። ቀጥሎ ከውስጥ በኩል የስንጥቁን ግራና ቀኝ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ። ብናኙን በአልኮል ጥረግ።

ይሄን ስጽፍ አጎትህ ትዝ አለኝ። ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ እሱ ሲያወራው ሁሉም ይስቃል። እኔን አስቆኝ አያውቅም። ኳሷ የኔ ነበረች። ነፋስ ወሰዳት፣ እሱ ተከትሏት ገባ። በነካት ቁጥር ወደፊት ትሸሻለች። መዋኘት ያውቅ ነበር እኮ! ቅዝቃዜው ግን እግሩን ጨመደደው። እኔ ሸሚዙን ይዤ ዳር ላይ ቆሜያለሁ፤ መጮህ አቃተኝ። የማናውቀው ሰው ደርሶ ባያወጣው ኖሮ ዛሬ የሚያስቅህ አጎት አይኖርህም ነበር። ኳሷን ደግሞ ወደ ማታ ነፋሱ ራሱ ከወዲያ ማዶ አውጥቷት አገኘናት። ከዚያ ወዲህ አልተጫወትኩባትም።

ጀልባም ያው ነው። ሞተሯ ከቆመ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ዳር ዞረህ ሂድና ጠብቃት። ወይም እንደ ለመዱት ሰዎች የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ያዝ፤ ክሩ ጫፍ ላይ የቴኒስ ኳስ አስረህ ከጀልባዋ አሳልፈህ ወርውር፣ ቀስ ብለህ ሳባት። አንተ ግን አትግባ።

የት ደርሼ ነበር? አዎ፣ ኢፖክሲው። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት። ሁለቱን ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ቀላቅል፤ አንዱን በግምት ካበዛህ አይጠነክርም። ከመስታወት ክር የተሠራውን የፋይበርግላስ ጨርቅ ከስንጥቁ ሰፋ አድርገህ ቁረጥና ከውስጥ ለጥፍ፣ በላዩ ሌላ ድገም። በብሩሽ እየጫንክ ሙጫውን አጠጣው። ነጭ የነበረው ጨርቅ ውስጡን ማሳየት ሲጀምር በደንብ ጠጥቷል ማለት ነው። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አየር አለበት። አባትህ «ሱፐር ግሉ ይበቃል» ይልሃል፤ በዚህ ነገር አትስማው። ቶሎ ይይዛል፣ ግን ደረቅ ነው፤ የሞተሩ ንዝረት ይሰብረዋል። የ5 ደቂቃ የሚባለው ኢፖክሲም በ5 ደቂቃ ይጨብጥ እንጂ አልጨረሰም። 24 ሰዓት ስጠው። ችኩልነትህን ስለማውቅ ነው።

ከውጭ በኩል የቀረውን ሽንቁር ሙላና አለስልስ። መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ ሞክራት፤ ውስጧ ሶፍት አንጥፍ፣ በእጅህ ጫን አድርጋት። ሶፍቱ የረጠበበት ቦታ ያስገባል። ከፊትና ከኋላ ባዶ ቦታዋ ላይ ውሃ የማይመጥ ፎም ጠቅጥቅ፣ ሞተሩን ሳትነካ። ያኔ ውሃ ቢገባት እንኳ አትሰምጥም፤ አንተም ለመግባት ሰበብ አታገኝም።

ተቆጣሁ አይደል? ልጄ፣ ጀልባ ሌላ ይገዛል። አክስትህ አብራህ ካልሆነች ወደ ውሃው አትሂድ፤ ነግሬያታለሁ። ሙጫውን ከመቀባትህ በፊት የስንጥቁን ፎቶ ላክልኝ፣ ከውስጥም ከውጭም። ብርሃን ያለበት ቦታ አንሳው፤ ያለፈው ምንም አይታይም።

እናትህ