አንዲት አነር ወይስ ሁለት? የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

"ድመት ለማየት የጎፍ ተራራ ድረስ ምን አስኬዳችሁ?" መምህራን ማረፊያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ስጠየቅ ከርሜያለሁ። መልሴ ይኸው።

ዘንድሮ በወጥመድ ካሜራ የዱር ድመቶችን መከታተል ጀምረናል። ወጥመድ ይባል እንጂ ምንም አይዝም። ዛፍ ላይ ይታሰራል፤ ሙቀት ያለው ነገር ፊቱ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ ያነሳል። አነር፣ ማለትም ባለነጠብጣቧ የዱር ድመት፣ ሰው ስታይ ስለምትሸሽ ቁጭ ብሎ በዓይን መቁጠር የማይታሰብ ነው።

ስብሰባችን በየሳምንቱ ረቡዕ ነበር። ችግኝም ተክለናል፣ ግቢም አጽድተናል።

ካሜራው አንድ ብቻ ነው፤ የቀድሞ ተማሪያችን ነው ያዋሰን። ጥቅምት ላይ የጎፍ ደን ወጥተን ጽድ ግንድ ላይ በጉልበት ከፍታ አሰርነው። የመጀመሪያው ዙር ከሸፈብን። ፊቱ ያለውን ሣር ሳናጭድ ትተነው ፀሐይ ያሞቀውን ሣር ነፋስ ባወዛወዘ ቁጥር ሲያነሳ ካርዱ ሞላ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጥር ላይ ተመልሰን ሄድን። ደኑ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ላፕቶፑን ከፈትን። ከብት፣ ጉሬዛ፣ ድኩላ፣ እንደገና ከብት። ከዚያ አነር! ረጃጅም እግር፣ ትልልቅ ጆሮ፣ አፏ ላይ የተንጠለጠለ አይጥ። ልጆቹ ጮኹ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ዝም አለች። ቤታቸው ከተራራው ሥር ነው። "ቲቸር፣ አባባ ዶሮ ጨረሰችብን ብሎ ያጠመደላት እኮ ይቺን ነው። አይጥም ትበላለች?" አለችኝ። ዋና ምግቧ አይጥ እንደሆነ ነገርኳት። ፎቶውን አሳትሜ ሰጠኋት። በሳምንቱ ስጠይቃት "ወጥመዱን ገና አላነሳውም። ፎቶውን ግን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል" አለችኝ። ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ!

እስካሁን አነር ሦስት ጊዜ አንስተናል። አንዷን ከሌላዋ የሚለየው ነጠብጣቧ ነው፣ ልክ እንደ ጣት አሻራ። ችግሩ የግራና የቀኝ ጎኗ ነጠብጣብ አይመሳሰልም። ሁለቱ ፎቶዎች የግራ ጎን ናቸው፤ ልጆቹ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ አስተያይተው ያቺው መሆኗን ደረሱበት። ሦስተኛው የቀኝ ጎን ነው። እሷው ትሁን ሌላ፣ በአንድ ካሜራ መለየት አልቻልንም። ሁለት ካሜራ ግራና ቀኝ ቢታሰር አንዴ ስታልፍ ሁለቱም ጎኗ ይነሳ ነበር።

ለኳስ ሜዳው መረብ በየዓመቱ ይገዛል፤ ይገባልም። ለእኛ ዘንድሮ የደረሰን አንድ ደስጣ ወረቀትና ሁለት ማርከር ነው። ባትሪውን የገዙት ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ነው። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ አንድ ካሜራ ጨምሩልን። እሱ ካልተቻለ ባትሪ። ጥቅምት ላይ ተመልሰን እንወጣለን፤ ሣሩን አስቀድመን እናጭዳለን።