መስመሩ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩም ይሠራል፤ ኢንተርኔቱ ግን የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከደሴ ከተማ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ጉዳዬ የቤት ኢንተርኔት ነው፤ በተለይም ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ተነሥታ ኮምፒውተሩ ጋ ስለምትደርሰው ሁለት ሜትር ገመድ ነው። ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከል እስከ ቤቴ ግድግዳ ያለው መስመር ባለሙያ አለው። ለዚህች ሁለት ሜትር ግን ባለቤት አጣሁላት።

የልጅ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከወረቀቱ ጎን በኮምፒውተርም እየተሰጠ መሆኑን ታውቃላችሁ። እሷ ኮምፒውተር የምታውቀው በትምህርት ቤት ለአራት እየተካፈለች ነው። ማውስ ስትይዝ ጣቶቿ ሲደርቁ አይቻለሁ። ጥያቄውን እያወቀችው መሣሪያው እንዳይጥላት ፈራሁና፣ መስከረም ላይ ከቁጠባዬ አውጥቼ ፒያሳ ካለ ሱቅ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዛሁ። የቤት መስመርም እንዲገባልኝ ተመዘገብኩ። ሌላም ምክንያት አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፍቶ አንድ ወር ያህል አዲስ አበባ ያለችው ልጄ የእኔን በሕይወት መኖር የምታውቅበት፣ እኔም የእሷን ጭንቀት የማበርድበት መንገድ ሳናገኝ ከርመናል። ከዚያ ወዲህ መስመርን እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሰዎች ሲናገሩ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሁለት ወጣት ባለሙያዎች መጡ። መሰላል አቁመው ገመዱን ከምሰሶው እስከ ጣሪያዬ ጠርዝ ወጠሩ፤ በመስኮቱ በኩል አስገብተው ሶኬቱን ግድግዳው ላይ መቱ፤ የስልኩን ድምፅና ኢንተርኔቱን የሚለያየውን ስፕሊተር ሰኩ፤ ኢንተርኔቱን ለቤቱ መሣሪያዎች የሚያከፋፍለውን ራውተር አበሩ። መብራቶቹ እያንዳንዳቸው ብልጭ ድርግም ሲሉ ቆይተው አረንጓዴ ሆነው ጸኑ። አንደኛው በራሱ ስልክ ገጽ ከፍቶ አሳየኝና «መስመሩ ይሠራል እማማ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለኝ። ፈረምኩ። ቡና ቀርቦ ነበር፤ ሌላ ቤት እየጠበቃቸው ስለነበር አቦሉን እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። የሠሩት ሥራ ንጹሕ ነው፤ ገመዱ እስከ ዛሬ እንደ ተወጠረ ነው። ኮምፒውተሬን ግን አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩትም።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ዋይፋይ መቀበያ የለውም፤ በገመድ ነው የሚገናኘው። የትኛው ገመድ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚናገር ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ፊደል። አሜሪካ ለምትኖረው የእህቴ ልጅ ደወልኩ። እሷም በቅንነት «አክስቴ፣ መሐሉ ላይ መርፌ ያለው ክብ ጥቁር ገመድ ፈልጊ፤ እሱን ከራውተሩ ጀርባ በእጅሽ አዙረሽ እሰሪው» አለችኝ። እንዲህ ያለ ገመድ ቤቴ ውስጥ ነበረ፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ። ፈትቼ አመጣሁት፤ በራውተሩ ላይ የሚገባበት ቦታ ግን የለም። ኋላ እንደተረዳሁት እሷ ባለችበት አገር ብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚገባው በቴሌቪዥን ገመድ ነው። የእኔ ቤት ክብ ገመድ ግን ከጣሪያው ዲሽ የሚወርድ ነው፤ ከኢንተርኔቱ ጋር ምንም አያገናኘውም። በመልክ ግን አይለያዩም። ጀማሪ ሰው የሚሳሳተው ባለማሰብ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛ ምክር ከሌላ አገር ሲመጣለትም ይሳሳታል።

ትክክለኛውን ገመድ በሦስተኛው ቀን ያገኘችው የልጅ ልጄ ናት። የስልኩ ገመድ ራስ ትንሽ ናት፤ ትልቁ ቀዳዳ ውስጥም ትገባለች፣ ነገር ግን ትወዛወዛለች። የኮምፒውተሩ ገመድ ራስ ሰፋ ያለ ነው፤ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ፤ ከትክክለኛው ቦታው ሲገባ «ቀጭ» ይላል። በራውተሩ ጀርባ ካሉት አራት ቢጫ ቀዳዳዎች በአንዱ፣ ሌላውን ጫፍ ሲፒዩ በምንለው በኮምፒውተሩ ሣጥን ጀርባ ሰካችው፤ ቀዳዳው ጎን ያለች ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች። እልል አልን።

ደስታችን አልቆየም። ገጽ ስንከፍት ቀይ ምልክት ያለበት ማስጠንቀቂያ መጣ። ተርጉመን ስናነበው «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል። ሰዓቱን አየሁ፣ ልክ ነው። ቀኑን አየሁ፣ ልክ ነው። እርግጥ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ስንከፍተው 2012 ይል ነበር፤ ስድስት ዓመት ሳይነካ የተቀመጠ ዕቃ ነው ብዬ በገዛ እጄ ወሩንም ቀኑንም አስተካክዬ 2018 አድርጌዋለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያም 2018 ይላል። ታዲያ ወደ ኋላ የቀረው ማን ነው?

አገልግሎት ሰጪው ጋ ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ ትሑት ናት፤ ከማዕከሉ ሆና መስመሬን ፈትሻ «በእኛ በኩል ይሠራል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጎረቤቴ በስልኳ ስትሞክረው ይሠራል። እንግዲያው በሽታው የኮምፒውተሩ ነው ብለን ሲፒዩውን በጋቢ ጠቅልለን በባጃጅ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለ ሱቁ «ቫይረስ ነው፤ ሁሉም ተጠርጎ እንደገና ይጫናል» ብሎ 800 ብር ተቀበለኝ። በማግስቱ ስንሄድ ዓይናችን እያየ ገጹ ተከፈተ። «ኮምፒውተሩ ይሠራል» አለ። እሱም እውነቱን ነው። ቤት አምጥተን ስንሰካው ግን 2012 ሆኖ ጠበቀን። 2018 አደረግሁት። ያው ማስጠንቀቂያ ተመልሶ መጣ።

እንዲህ ስንመላለስ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። ከሁሉ ያስከፋኝ ብሩ አይደለም። የልጅ ልጄ አንድ ማታ ደብተሯን ዘግታ «ተይው እማዬ፣ ይህ ነገር ለእኛ አልተሠራም» ማለቷ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ስትል መስማት ለአስተማሪ ከባድ ነው።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የጎረቤቴ ልጅ አለ። ቅዳሜ ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ እናቱ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ተከትሏት ገባ። ስኒውን እንደ ያዘ ከስክሪኑ ፊት ቆመና የግርጌዋን ቀኝ ጥግ ለአፍታ ተመለከተ። ከዚያም በዝግታ «አብሽሩ እማማ፣ ምንም አልሆነም። ይህ የእኛ ዓመተ ምሕረት ነው፤ እሱ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው» አለኝ። 2018ን ወደ 2025 ለወጠው፤ ወሩንና ቀኑንም እንደ እነሱ አደረገው። ገጹ ተከፈተ። ስኒው ገና አልቀዘቀዘም።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ጠየቅኩት፤ የነገረኝን በራሴ ቃል ልጻፈው፣ ምክንያቱም ይህን የሚያብራራ ሰው ያጡ ብዙዎች ይኖራሉ። ባንክም ሆነ ትምህርት ቤት፣ አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት «እኔ እውነተኛው ነኝ» የሚል የምስክር ወረቀት ለኮምፒውተሩ ያሳያል። ወረቀቱ ላይ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለ፤ የሚያገለግለውም ከአንድ ዓመት እምብዛም ላልዘለለ ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ያንን ቀን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። የእኔ ኮምፒውተር በ2018 የፈረንጆች ዘመን ላይ ቆሞ ሲያየው፣ ወረቀቱ ገና ሰባት ዓመት ቆይቶ የሚሰጥ መታወቂያ ሆነበት። እንዲህ ያለ መታወቂያ የሚያቀርብ ሰው ቀበሌ ቢመጣ ጸሐፊው አይቀበለውም፤ ኮምፒውተሩም አልተቀበለም። ጥበቃው ልክ ነበር፤ የጎደለው የእኛ አቆጣጠር ከእነሱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ የሚያሳይ ሰው ነው። የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት ለሕፃናት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ነገሩ ከገመድና ከመስመር ጋር ይገናኛል ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ቀኑ እየተመለሰ 2012 የሚሆንበት ምክንያትም ተገኘ። ሲፒዩው ውስጥ ከሳንቲም የማትበልጥ የ3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቅለት እሷ ናት። የእኛዋ ሞታ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሲፒዩው በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ይጠፋል። ጥገና ቤቱ ሁሉንም ጠርጎ እንደገና ሲጭን ባትሪዋን አላያትም። ልጁ ሽፋኑን ፈትቶ በጥፍሩ ጫፍ ገፋ አደረጋትና ወጣች፤ አዲሷ ከዚያው ከሰፈራችን የሰዓት ሱቅ ተገዛች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ኢንተርኔት የሚያስገቡ ድርጅቶች ሁሉ፣ የትኛውም ይሁኑ፣ ሥራው ተጠናቀቀ የሚባልበትን ነጥብ እንዲያሻሽሉ እጠይቃለሁ። በባለሙያው ስልክ ላይ ገጽ መከፈቱ አይበቃም፤ ደንበኛው በሚጠቀምበት መሣሪያ ላይ፣ በደንበኛው እጅ ተከፍቶ ይታይ፤ ፊርማውም ከዚያ በኋላ ይሁን። «የደንበኛው ኮምፒውተር የእኛ ኃላፊነት አይደለም» የሚል መልስ እንደሚኖር አውቃለሁ። ኮምፒውተሩን ይጠግኑ አላልኩም። ውኃ የሚያስገባ ሠራተኛ ቆጣሪውን አስሮ ብቻ አይሄድም፤ ቧንቧው ተከፍቶ ውኃው ሲወርድ ያያል። ባልዲው ቀዳዳ ከሆነ «ባልዲዎ ቀዳዳ ነው» ይላል። ያቺ አንድ ቃል ብትነገረኝ ኖሮ 800 ብርና አሥራ አንድ ቀን ይተርፈኝ ነበር። ለባለሙያዎቹም ጊዜ ይሰጣቸው፤ በቀን ስንት ቤት ጨረሳችሁ ተብለው የሚለኩ ከሆነ ቡና የማይጠጡት ወደው አይደለም።

ካርቶኑ ውስጥም አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ይግባ። እኔ በእጄ ጽፌ አባዝቼዋለሁ። ገመዶቹን ከነመልካቸው ሥያለሁ። የትኛው መብራት ምን እንደሚል ጽፌያለሁ፦ የመስመሩ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ካለ ችግሩ ከውጭ ነው፤ እሱ ጸንቶ የኢንተርኔቱ መብራት ቀይ ከሆነ የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ፋይበር፣ ማለትም በብርሃን የሚሠራው ቀጭን የመስታወት ገመድ፣ ባለበት ቤት ደግሞ «ሎስ» (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው። ስለ ቀኑ በትልልቅ ፊደል ጽፌያለሁ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት እስከ 21) በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመር። በጥር መጨረሻ ዝናብ ሲጥል ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን አንድ ነገር ጨመርኩ፦ የመደበኛውን ስልክ እጀታ አንሥታችሁ አዳምጡ፤ ሹሹታ ካለ ኮምፒውተሩን አትንኩ፣ ውጭ ያለው መጋጠሚያ ውኃ ገብቶበት ይሆናል። የእኛው እንደዚያ ሆኖ ተገኘ፤ መጋጠሚያው በፌስታል የተጠቀለለ ነበር።

ወረቀቱን ለቅሬያችን አባላት አደልኩት። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነን። ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ አነበብኩላቸው። አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው ሁለት ወር ከፍለው አንድም ቀን እንዳልተጠቀሙበት ተናገሩ፤ ያፍሩ ስለነበር ለልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም። ዳኛው የቅሬውን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት እንድንጠቀምበት ፈቀዱልን፤ ወንበሩም መብራቱም አለ። የኮምቦልቻው ልጅና ሁለት ጓደኞቹ እየመጡ ያሳያሉ፤ የልጅ ልጄ ደግሞ ማውስ ለማያውቁት አያያዙን ታስተምራለች።

ወረቀቱን የሚፈልግ አገልግሎት ሰጪ ካለ ያለ ምንም ክፍያ እሰጣለሁ፤ አርሞ፣ አሻሽሎ፣ በራሱ ስም ቢያትመውም ቅር አይለኝም። በአፋን ኦሮሞና በአፋርኛ የሚተረጉመውም ቢገኝ ለጎረቤቶቻችን ይደርሳል። አንባቢዎችም በየቤታችሁ የገጠማችሁንና መፍትሔ ያገኛችሁለትን በዚሁ ገጽ ላይ ጻፉልኝ፤ የወረቀቱ ጀርባ ገና ባዶ ነው።

ጡረተኛ መምህርት
ከደሴ፣ ሆጤ
የካቲት 2018 ዓ.ም.