የፊዚክስ ክበብ፦ ታቦርን የገለበጠው ሌንስ

የዘንድሮው ንብረታችን አንድ አጉሊ መነጽር፣ ከተሰባበረ ባጃጅ የተረፈ ስፖኪዮ፣ 80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መስታወትና አንድ ማንኪያ ነበር። ማንኪያው ከእኔ ቤት የመጣ ነው። እስካሁን አልተመለሰም።

የመጀመሪያው ሐሙስ ከአንዱ በቀር መስኮቶቹን ሁሉ በካርቶን ሸፈንን። አጉሊ መነጽሩን ወደ ክፍቱ መስኮት አዙረን ከኋላው ነጭ ወረቀት ያዝን። ወረቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ታቦር ተራራ ከነሰማዩ ቁጭ አለበት። ተገልብጦ! «ቲቸር፣ ቀለሙም አለ እኮ!» አለች አንዷ። ከሩቅ የመጣ ብርሃን የሚሰበሰበው እዚያ ላይ ነው። የሌንሱን ፎከስ ያለ ሂሳብ አገኘነው ማለት ነው።

ያጨቃጨቀን ግን ሻማው ነው። መብራት በጠፋበት ቀን (ክበባችን የሚደምቀው ያኔ ነው) ሻማ ለኩሰን ከሌንሱ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ አቆምን። ምስሉ በማዶ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ሦስት እጥፍ አድጎ፣ ተዘቅዝቆ ታየ። «የሌንሱን ግማሽ ብንሸፍነውስ?» አልኳቸው። ከአንድ ልጅ በቀር ሁሉም «ነበልባሉም ግማሽ ይሆናል» አሉ። ሸፈንነው። ፈዘዘ እንጂ አልተቆረጠም። «ቲቸር አጭበርብረዋል» እስከመባል ደረስኩ። ጭቅጭቁ ሁለት ሐሙስ በላ። በመጨረሻ ያ ዝም ያለው ልጅ ተነስቶ ሰሌዳው ላይ ጨረሮቹን ሣለ። ከነበልባሉ ጫፍ የተነሳ ብርሃን ሌንሱን ሙሉ ይመታል። በላይ ያለፈውም በታች ያለፈውም ማዶ ላይ አንድ ቦታ ይገናኛል። ግማሹ መንገድ ቢዘጋ የቀረው ያደርሰዋል፤ የሚቀንሰው ድምቀቱ ነው። እኔ እንዲህ አጥርቼ አላስረዳሁም ነበር።

ስፖኪዮው ወደ ውጭ ያበጠ ስለሆነ ሰፊ መንገድ ያሳያል፤ ግን ያሳንሳል፣ መኪናውም የራቀ ይመስላል። አባቱ ባጃጅ የሚነዳ ተማሪ «አባዬ ይሄን የተማረው በጡሩምባ ነው» ብሎ አሳቀን።

ለወላጆች ቀን መስታወቱን ሰቀልን። ሙሉ ቁመትን ለማየት የቁመት ግማሽ ይበቃል፤ 1.60 ሜትር ለሆነችው ተማሪያችን 80 ሴንቲ ሜትሩ ልክ ነው። መጀመሪያ ዝቅ አድርገነው ፀጉሯ አልታይ ብሎ ነበር፤ ከፍ ስናደርገው ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ገባች። አጠር ያሉ አንዲት እናት ግን ጫማቸው አልታይ አላቸው። «ቆይ ራቅ ልበል» ብለው ወደ ኋላ ሄዱ። መራቅ ምንም አይጨምርም ብንላቸውም አልሰሙንም። በሩ ጋ ደረሱ። ጫማቸው አሁንም የለም።