ለሰብልዬ፣ ከአራስ ቤት

ሰብልዬ፣

ገና ስሜን ስታዪ የምትዪው ይሰማኛል፦ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» አዎ፣ ፈልጌ ነው። እሱን ግን ኋላ። ሦስት ዓመት ዝም ያልኩሽ ከኩራት እንዳይመስልሽ፣ እፍረት ነው። ይቅርታ። ቶሎ ልለፈው፤ ከቆምኩበት አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ እማዬ «ጡትሽ ይደርቃል» ብላ ትቆጣለች።

ወልጃለሁ! ሴት ናት። ግንባሯ የአባቷ፣ ቁጣዋ የኔ። የቀረውን ወሬ ስንገናኝ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ቃል ነው። አትሳቂ። አራስ ሆኜም የትርጉም ሥራዬን አልተውኩም፤ ልጅቷ ስትተኛልኝ አንዳንድ ገጽ እሠርቃለሁ። ጽሑፉ የድሮ እንግሊዝ ሴቶች እንዴት ይወልዱ እንደነበር የሚተርክ ነው። ሴትዮዋን ምጥ ሲጀምራት «ጎሲፖቹ ተጠሩ» ይላል። እኔም በእንቅልፍ ልቤ «ሐሜተኞቹ ተጠሩ» ብዬ እርፍ! ማታ መልሼ ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። ምጥ ለያዛት ሴት ሐሜተኛ ማን ይጠራል?

መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ቃሉ ጥንት «ጎድሲብ» ነበር፤ «ጎድ» እግዚአብሔር፣ «ሲብ» ዘመድ። «ሲብሊንግ» (ወንድም ወይም እህት) ውስጥ ያለው ያው «ሲብ» ነው። በእግዚአብሔር የተዛመደ፣ ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው። አበልጅ እኮ ነው ሰብልዬ! ልክ እንደኛው አበልጅ ከአበልጅ አይጋባም ነበር። በ1014 ደግሞ የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን ሕዝቡን በስብከት ሲገሥጽ፣ አበልጅና የክርስትና ልጅ መገደላቸውን ከዘመኑ ክፋት ጋር ይቆጥረዋል። (እኔ እኮ ተማሪዎቼን «ጎ ሲፕ» ማለት «ሄደህ ፉት በል» ነው፣ መጠጥ ቤት ወሬ ለቀማ የሚላኩ ሰዎች ነበሩ እያልኩ አስተምሬያለሁ። ተረት ነው። እንዳትነግሪብኝ።)

ከአበልጅ ወደ ልብ ወዳጅ፣ ከዚያም አራስ ቤት ወደሚሰበሰቡት ሴቶች ዞረ። ወንድ አይገባም። መጋረጃው ይዘጋል፣ የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር ይደፈናል፣ ሻማ ይበራል፤ ለወላዷ ወይን ወይም ቢራ የገባበት፣ በቅመም የጣፈጠ ትኩስ አጥሚት ይሠራላታል። የኛ ገንፎ የሚበላበት ቤት ታየኝ። ውጭ የቀረው ባል ታዲያ ምን ያስብ? «እኔን እያሙ ነው!» በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቃሉ ወሬ አመላላሽ ሴት ማለት ሆኖ ነበር፤ በ19ኛው ወሬው ራሱ ሆነ። ፈረንሳዮችም የክርስትና እናቷን «ኮሜር» ብለው ጀምረው ሐሜተኛ አድርገዋት አረፉ። ስሙን ያጠፉት በር ላይ የቀሩት ናቸው ባይ ነኝ።

ግን ደግሞ... የድሮውን እንግሊዛዊ ባለቅኔ የቾሰርን ባለታሪክ፣ የባዝ ከተማዋን ሴትዮ ታስታውሻለሽ? አሊሶን የምትባል ጎሲፕ ነበረቻት፤ ልቤን ከደብራችን ቄስ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች ትላለች። የባሏን ምስጢር ሁሉ ወስዳ ለእሷ ትዘረግፋለች። እኔ ከዚያችም ብሼ የራሴን ጎሲፕ ምስጢር ለሌላ ዘረገፍኩ። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ነበር፤ «ለማንም እንዳትነግሩ» ብዬ፣ ቀለበቱን ለምን እንደመለስሽ ከነምክንያቱ። ስኳር እያማሰልኩ። ማንኪያው ሲኒውን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያን ቀን ሌላው ቢቀር ዝም ማለት አያቅተኝም ነበር።

እና፣ የፈለግኩት። ሰማንያዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ይውላል። ክርስትና አንሺልኝ። ይኸው አልኩት። እማዬ የጎረቤት ልጅ አስባለች፣ እኔ ግን እስካሁን «እሺ» አላልኳትም። ደስ ካላለሽ «አይሆንም» ብቻ በይኝ፣ አልቀየምም። እዋሻለሁ፣ እቀየማለሁ፤ ግን መብቴ አይደለም።

አረፍተ ነገሩ ገና እንደተሠረዘ ነው። «አበልጆቿ ተጠሩ» እንዳልል ልጁ ገና አልተወለደ። «የልብ ወዳጆቿ» ብል ክርስትናው ይጠፋል። አንቺ ምን ትያለሽ?

ነጩን ቀሚስም አልገዛሁም። የክርስትና እናቷ ናት የምታመጣው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ያንቺው
መንቢ