የዕፅዋት አናቶሚ ያለ ምላጭ አይገባም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በዩኒቨርሲቲዎች ስለ ቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት በተነሣ ቁጥር የዕፅዋት አናቶሚ (የዕፅዋትን ውስጣዊ አሠራር የሚያጠናው) ኮርስ አብሮ ይነሣል። የሚወሰደው እርምጃ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ላቡ፣ ማለትም የቤተ ሙከራው ሥራ፣ ይቀርና ሥዕሉ በሃንድአውት ይታደላል፣ ወይም ከውጭ የመጣ ዝግጁ ስላይድ (በብርጭቆ ላይ የተዘጋጀ ናሙና) በየተራ ይታያል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የትምህርት ተቋማት ንብረት ከተዘረፈና ከወደመ ወዲህ ይህ ምክንያት ይበልጥ ተደማጭ ሆኗል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ይህ ኮርስ በጥቂት ብር በተግባር ሊሰጥ ከሚችሉት አንዱ ነው። የሚያስፈልገው የጢም ምላጭ፣ ካሮት፣ አንድ ሰሃን ውሃ፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ ስላይድ ከነመሸፈኛ ብርጭቆው፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀለምና የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ነው። መስታወት ያለው አሮጌ ማይክሮስኮፕ ከተገኘ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። መስታወቱ ወደ ሰማይ ይዙር እንጂ በቀጥታ ወደ ፀሐይ አይዙር፤ ዓይን ያጠፋል።

ዝግጁ ስላይድ ለምን አይበቃም? ተማሪው ቁራጩ በየት በኩል እንደተቆረጠ አያውቅምና። የዱባ ግንድ በአግድም ሲቆረጥ የዛይለሙ (ውሃ ከሥር ወደ ላይ የሚያደርሰው ክፍል) ቱቦ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል፤ በቁመቱ ሲቆረጥ ግን ውስጡ በቀለበትና በጥምዝ ክር የተጠናከረ ረጅም ቧንቧ ነው። ሁለቱንም በእጁ የቆረጠ ተማሪ ቧንቧውን በሐሳቡ አቁሞ ያየዋል። ሥዕሉን ብቻ የሸመደደ ግን ዛይለምን ክብ ነገር አድርጎ ይይዘዋል፤ ፈተና ላይ የቁመት ቁራጭ ሲቀርብለት ምን እንደሚያይ ይጠፋዋል።

ብዙው የሚበላሸው አቆራረጡ ላይ ነው። ምላጩ በሁለቱም ወገን ስለት ካለው አንዱ ወገን በፕላስተር ይሸፈን። ግንዱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይቆረጥና በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ቀጥ ብሎ ይያዛል። አውራ ጣት ከግንዱ አናት ዝቅ ማለት አለበት፤ ምላጩ ሲያልፍ እንዳያገኘው። ግንዱም ምላጩም ይረጥባሉ፤ ደረቅ ምላጭ ሕዋሱን ይጎትታል፣ ቁራጩም ይጠቀለላል። ከዚያ ምላጩ በአግድም ተይዞ ወደ ራስ በአንድ ስበት ይሳባል። እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ከተባለ ቁራጩ ላይ መስመር መስመር ይወጣበታል፣ ስስ ግድግዳ ያላቸው የፓረንካይማ ሕዋሳትም ይቀደዳሉ። ከ20 እስከ 30 ቁራጭ ሳይመርጡ በፍጥነት ቆርጦ በብሩሽ ወደ ውሃው ማውረድ ነው፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ውሃው ውስጥ ነጭ ሆኖ ጎልቶ የሚታየው ወፍራሙ ነው። ብርሃን የሚያሳልፈው፣ ፈልገው ካልሆነ በቀር የማይታየው፣ እሱ ነው የሚፈለገው። ጀማሪ ሁሉ ሙሉ ክብ ለማውጣት ይታገላል፤ አያስፈልግም። ጠርዙ እየሳሳ ሄዶ የሚያልቅ ሩብ ቁራጭ ከወፍራም ሙሉ ክብ ይበልጣል፤ ጠርዙ ላይ ውፍረቱ አንድ ሕዋስ ብቻ ሆኖ ይገኛልና።

ቅጠል በጣት ብቻ ተይዞ አይቆረጥም። ካሮት በቁመቱ ይሰነጠቅና ቅጠሉ መሐል ገብቶ አብሮ ይቆረጣል። ድንች ለዚህ አይሆንም፤ የስታርች ቅንጣቶቹ በውሃው ላይ ይበተናሉ፣ አዮዲን ሲነካቸው ጠቁረው ተማሪው ቅጠሉ በስታርች የተሞላ ይመስለዋል። ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። በለጋ የባቄላ ግንድ ይጀመር፣ ወደ በቆሎ ይታለፍ፣ ማሽላ በመጨረሻ ይምጣ። ማሽላ ሲሊካ (እንደ አሸዋ ያለ ጠንካራ ማዕድን) ስላለበት ምላጭ ያደነዝዛል፤ በአንድ ምላጭ ባቄላ የቆረጡትን ያህል ማሽላ አይቆረጥም። እንጨት ከሆነ መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ከዚያ በእኩል መጠን በተደባለቀ አልኮልና ግሊሰሪን ይዘፈዘፋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው የመቀቀያ ጊዜ መጨመር ይኖርበታል።

ቀለምን በተመለከተ አንድ ብቻ የሚገዛ ተቋም ካለ ቶሉዲን ብሉ ይግዛ። 50 ሚሊ ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል። ቁራጩ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆይበትና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ሊግኒን (ግድግዳን እንደ እንጨት የሚያጠነክር ንጥረ ነገር) ያለው ግድግዳ፣ ማለትም ዛይለሙና ስክለረንካይማው (ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ደጋፊ ሕዋሳት)፣ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሊግኒን የሌለው ደግሞ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ሁሉም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ቁራጩ ቆይቶበታል፣ ወይም አልታጠበም። ለስታርች የሚሆነው አዮዲን ሲዘጋጅ 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በጥቂት ውሃ አስቀድሞ ይሟሟል፣ 1 ግራም አዮዲን ይጨመርበታል፣ ከዚያ 300 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ውሃ ይታከላል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው አዮዲኑ ጠርሙሱ ሥር ተቀምጦ ይቀርበታል፤ በባዶ ውሃ በደንብ አይሟሟምና።

መሸፈኛው ብርጭቆ አንድ ጠርዙ ውሃውን ነክቶ በሰያፍ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከላይ ዝም ብሎ ከተጣለ አየር ይገባል። የአየር አረፋ ድፍን ጥቁር ጠርዝ ያለው ክብ ነው፤ አረፋን ሕዋስ ብሎ የሣለ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ማይክሮስኮፑ ሁልጊዜ ከ4 እጥፉ ሌንስ ይጀምራል፤ 40 እጥፉ ላይ ትልቁ ማስተካከያ አይነካም፣ ስላይዱን ይሰብራል። የሕዋስ መጠን መለካትም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ዓይን የሚያርፍበት ሌንስ ላይ 18 የሚል ቁጥር ካለ በ40 እጥፉ ሌንስ የሚታየው ክብ ስፋት 18 ለ40 ሲካፈል 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ስፋት 15 ሕዋሳት ከተደረደሩ አንዱ 30 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ይህን ስሌት የማይሠራ ተማሪ ሥዕሉ ሥር የሚጽፈው መጠን ግምት ብቻ ይሆናል።

የምናዝነው ግን ከሁሉ በላይ በአካባቢያችን ያለው ዕፅዋት ሳይታይ መቅረቱ ነው። በደሴ ዙሪያ ነጭ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ የበቀለው ለጋ ቅጠል ሰፊ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ ያለ ዘንግ ግንዱን አቅፎ የተቀመጠ ነው፤ በአግድም ተቆርጦ ሲታይ እንደ ዘንግ የቆሙት፣ በብርሃን ምግብ የሚሠሩት ፓሊሴድ ሕዋሳት በላይኛው ወገን ብቻ ናቸው። የትልቁ ዛፍ ቅጠል እንደ ማጭድ ቆልመም ብሎ ወደ ታች የሚንጠለጠል ነው፤ ብርሃን ከሁለቱም ወገን ስለሚያገኘው ፓሊሴዱም በሁለቱም ወገን አለ። ከአንድ ዓይነት ዛፍ ሁለት ቅጠል አንሥቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሳየት ይቻላል። ብርሃንና የቅጠል አቀማመጥ ውስጣዊ አሠራርን እንዴት እንደሚለውጥ የሚያሳይ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አናውቅም።

ገብስና ማሽላም እንዲሁ። የደጋው ገብስ ቅጠልና የኮምቦልቻ አካባቢ ማሽላ ቅጠል ጎን ለጎን ይቆረጡ። ማሽላው ላይ እያንዳንዱን የቅጠል ደም ሥር ትልልቅ አረንጓዴ ሕዋሳት እንደ አክሊል ከበውት ይታያሉ፤ ገብሱ ላይ እንዲያ ያለ አክሊል የለም። ማሽላ ያለው፣ ገብስ ግን የሌለው፣ ሲ ፎር የሚባለው የፎቶሲንተሲስ (በብርሃን ምግብ የመሥራት) መንገድ በክፍል ውስጥ በቀስትና በሳጥን ሲሣል ለማይገባው ተማሪ ይህን ማየቱ ይጠቅመዋል።

የማሽላን ሥር የሚመጠውን ጥገኛ አረም፣ አቀንጭራንም፣ መዘንጋት አይገባም። የወሎ ቆላ የማሽላ ገበሬ ጉዳቱን በደንብ ያውቀዋል። የጥገኛው መምጠጫ የማሽላውን ሥር ኮርቴክስ (የውጭውን ክፍል) አልፎ፣ ኢንዶደርሚሱን (ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የሕዋሳት ቀለበት) ሰንጥቆ ከዛይለሙ ጋር ይገጥማል። መገናኛው በቁመቱ ከተቆረጠና በቶሉዲን ብሉ ከተቀለመ ዛይለም ከዛይለም ጋር ሲቀጠል በዓይን ይታያል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው፤ ከቆላው ማሳ የመጣ ተማሪ ያ ውጊያ የሚካሄድበትን ቦታ በማይክሮስኮፕ ሳያይ መመረቅ የለበትም። ናሙናው ግን ከማበቡ በፊት ይነቀል፣ በታሰረ ላስቲክም ይምጣ። አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር ይሰጣል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል።

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ የሚያጠኑትም ቢሆኑ ከዚህ ላብ የሚያገኙት አለ። የጥጥ ክር ከዘሩ ልባስ የወጣ አንድ ነጠላ ሕዋስ ነው፤ ቃጫ ግን በቅጠል ውስጥ ያለ የብዙ ስክለረንካይማ ሕዋሳት ጥቅል ነው። የሁለቱ ጥንካሬና ልስላሴ ልዩነት ከዚህ ይጀምራል።

የምንጠይቀው ውጤት አሰጣጡ እንዲለወጥ ነው። ከኮርሱ ውጤት ግማሹ ተማሪው ራሱ በቆረጠው፣ በቀለመውና በሣለው ላይ ይሁን። ሁለት ሥዕል ይቅረብ፤ አንዱ ሕዋስ የሌለበት፣ የክፍሎቹን ድንበር ብቻ የሚያሳይ፣ ሌላው ጥቂት ሕዋሳትን በትክክለኛ መጠንና ግድግዳቸውን በድርብ መስመር የሚያሳይ። መምህሩም ሥዕሉ ላይ ከመፈረሙ በፊት ማይክሮስኮፑን ይመልከት። ከመጽሐፍ የተገለበጠ ሥዕል ይታወቃል፤ የዛይለምና የፍሎየም (ምግብ የሚያስተላልፈው ክፍል) ጥቅሎቹ ሁሉ እኩል፣ ክቡ ሙሉ፣ የተቀደደ ቦታ የሌለው ነው። ስላይዱ ላይ የተቀደደ ቦታ እያለ ሥዕሉ ላይ ከሌለ ተማሪው እንደገና ይቁረጥ። ለአንድ ተማሪ በአንድ ላብ ሁለት ምላጭ ይበቃዋል፤ ያገለገለውም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይጠራቀም እንጂ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣል፣ የጽዳት ሠራተኞችን እጅ ይቆርጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዕፅዋት ሳይንስ መምህራን
ደሴ