ግሡ መጨረሻ ላይ መዋሉ ጥፋት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የአማርኛ ግሥ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ደራሲን ያስራል የሚል አስተያየት በጥበብ ዓምዳችሁ ወጥቶ አንብበናል። እኛ ሐዋሳ ያለን የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራን በዚህ አንስማማም።

«ዓሣ አጥማጁ መረቡን ስቦ፣ ጀልባውን ወደ ዳር አስጠግቶ፣ የያዘውን ሁሉ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ጨመረው።» አንባቢ «ሸጠው» የሚለውን ሲጠብቅ «ጨመረው» ይመጣበታል። ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ፣ ከፊት ቢሆን ይህ አይገኝም። ልብ ካላችሁ ግን «መልሶ» ምሥጢሩን ቀድማ ታወጣለች። ትሰረዝ።

ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም እንደ «ስቦ» እና «አስጠግቶ» ያለ ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ግሥ፣ መደርደር አደጋ አለው። «አባትየው ልጁን ጠርቶት፣ ተቆጥቶት፣ አልቅሶ ወጣ» ቢባል ያለቀሰው ማን ነው? ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱን በመድረሻው ይናገራል፤ እዚህ ግን ሁለቱም ወንድ ስለሆኑ «አልቅሶ» አይለያቸውም። ልጅቷ ብትሆን «ጠርቷት፣ ተቆጥቷት፣ አልቅሳ ወጣች» ያለ ምንም ስም ግልጽ ይሆናል። ለወንዶቹ መድኃኒቱ ሰንሰለቱን መቁረጥ ነው፦ «ሲቆጣው ልጁ አልቅሶ ወጣ»።

«ልጁ ጀልባውን ሸጠው» እና «ጀልባውን የሸጠው ልጁ ነው» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ጀልባው መሸጡን አንባቢ እንደሚያውቅ ቆጥሮ ሻጩን ብቻ ይነግረዋል። በአጭር ልቦለድ መክፈቻ ላይ ሆን ተብሎ ሲገባ አንባቢ ወሬው መሀል የደረሰ ይመስለዋል፤ ደስ ይላል። በየአንቀጹ ሲደጋገም ግን ትረካው ሙግት ይሆናል። በ«ነበር» ላይ «ነበር» መደርደርም ያው ነው፤ ሁሉም ነገር ቀድሞ ያለቀ ስለሚመስል ታሪኩ አይራመድም።

ግጥም ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ ስንኙ 12 ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ቁራጭ፤ «ጀል-ባው» 2 ነው) አለው፣ 6 በ6።

ጀልባው ማለዳ ላይ ሐይቁን ጥሎ ሄደ
ነፋሱም ተነስቶ መረቡን ወሰደ

ልኩ ልክ ነው፣ ቤቱም ይመታል፤ ግን ርካሽ ነው። ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚውል «ሄደ፣ ወሰደ፣ ወረደ፣ ፈረደ» እያሉ ገጽ መሙላት ይቻላል። አሁን የመጀመሪያውን ስንኝ ገልብጡት፦

ሐይቁን ጥሎ ሄደ ማለዳ ላይ ጀልባው

ቃላቱ ያው፣ ቀለሙም ያው 12። መሄዱ ቀድሞ ተሰማ፣ የሄደው ግን እስከ መጨረሻው ቆየ። ቤት መምቻውም ስም ስለሆነ ገጣሚው «ካባው»ን ወይም «አበባው»ን ፍለጋ መድከም አለበት፤ ፍለጋው ራሱ ያላሰበው ሐሳብ ላይ ይጥለዋል። ዝርው ጽሑፍ ይህን መገልበጥ እምብዛም አይችለውም፣ ንግግር ግን ይፈቅዳል፦ «መጣ እንዴ ልጅህ?» ተውኔት ጸሐፊ ይህን ካላወቀ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ይናገራሉ።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። አንባቢ የላከው ግጥም ላይ ግሡ ከፊት ሲመጣ አርማችሁ ወደ ኋላ አትመልሱት። በቅርቡ በወጡ ግጥሞች ላይ ከስንኞቹ አንዱ ቤት ሳይመታ የቀረው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ከአክብሮት ጋር
የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መምህራን፣ ከሐዋሳ